ጥር 33

በ2017 ዓመተ ምሕረት በታኅሣሥ ወር፣ ከፈንታሌና ከዶፈን ተራሮች ወገን የተነሣው መንቀጥቀጥ አዋሽ ሰባት ኪሎን ሌሊትና ቀን ሳይለይ በሚንጣት ጊዜ፣ የሰው ልጅ ከማናቸውም መከራ ጋራ መለማመድ የማይሳነው ፍጥረት ነውና፣ እኛም ነዋሪዎቿ ለመንቀጥቀጡ አንድ ሥርዓት አበጅተንለት ነበር። ይህን ሥርዓት ያወጀው ሹም፣ የተረጐመውም ሊቅ አልነበረም፤ ከደጃፍ ወደ ደጃፍ እየተላለፈ በራሱ ጊዜ የጸና ነው። ስኒው በማስቀመጫው ላይ ከተንቀጫቀጨ ቡናህን በእጅህ ያዝ፤ ቆርቆሮው ከተንኳኳ ጫማህን ፈልግ፤ ግድግዳው ካቃሰተ ጫማውን ተወውና ውጣ፤ ከነዚህ አንዱም ካልሆነ ተኛ። እኔም በምድር ባቡር፣ ምልክቱ ከፈቀደ የሚያልፈውን፣ ካልፈቀደ የሚቆመውን ስመዘግብ 30 ዓመት ያህል ያገለገልሁ ጡረተኛ በመሆኔ፣ ይህን ሥርዓት ከማንም ይልቅ በታማኝነት እጠብቀው ነበርና፣ በአንድ ሌሊት አራት ጊዜ ባዶ ስኒ ይዤ፣ ሁለት ጊዜ ጫማ ፈልጌ፣ አንድ ጊዜም ባዶ እግሬን ወጥቼ ያደርሁበት ቀን አለ።

ታኅሣሥ 26 ሌሊት ነገሩ ከበረታ በኋላ ግን፣ ሰመራ የምትኖረው እኅቴ በስልክ፣ «ስኒውን አስቀምጥና ና!» ብላ ስለ ቈረጠች፣ ልብሴን በአንዲት ሻንጣ ጠቅልዬ በሚኒባስ ተሳፈርሁ። ከአዋሽ ሰመራ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ አዋሽ አርባን፣ ገዋኔን፣ ሚሌን፣ ሎጊያን አልፎ የሚሄደው ይህ መንገድ ከጅቡቲ የሚመጣው ዕቃ አብዛኛው የሚተላለፍበት ስለሆነ፣ ከፊት ከባድ መኪና፣ ከኋላ ከባድ መኪና፣ ከጐን ደግሞ ጐማውን አውልቆ በጥላው ሥር የተኛ ሾፌር ሳያይ የሚውል ተሳፋሪ የለም። ያው ግራር፣ ያው ግመል፣ ያው ኬላ፤ ኬላው ላይ ወረቀቱ ከተሟላ እለፍ፣ ካልተሟላ ወደ ጥግ ያዝ፤ ከዚያም እንደገና ያው ግራር፣ ያው ግመል። ስለ ፕሮግራም አጻጻፍ ሁለት ዐቢይ ትምህርት በዚያ ሚኒባስ ውስጥ በነጻ የተሰጠኝ መሆኑን ግን ያን ጊዜ አላስተዋልሁም።

ሰመራ ከአሳይታ የክልል ከተማነቱን የተረከበች አዲስ ከተማ ናት። ሙቀቷን ስፈራ ሄጄ፣ በጥር ደርሼ ኖሮ፣ ማለፊያ ነፋስ ተቀበለኝ። እዚህ ላይ አንዲት ቃል ትዝ አለችኝ። በግእዙ አቈጣጠር ከታኅሣሥ 26 ጀምሮ እስከ መጋቢት 25 ያለው የደረቅ ወራት ዘመነ ሐጋይ ይባላል፤ አፋሮች ግን ሐጋይ የሚሉት የግንቦትና የሰኔውን ቃጠሎ ነው። ስለዚህ አንድ ደብተራ ሰመራ ላይ ቆሞ በጥር ወር «ሐጋይ ገባ» ቢል፣ የሰመራ ሰው ያለ ሰዓቱ ያልበዋል። ቃሉ አንድ ሆኖ ሰሚው ሁለት ከሆነ ትእዛዙም ሁለት መሆኑን ልብ ይሏል።

የእኅቴ ልጅ በ2000 ዓመተ ምሕረት በተከፈተው በሰመራ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ትምህርቱን ጨርሶ እዚያው ከተማ የተቀጠረ ብላቴና ነው። ማታ ማታ ከሥራ ሲመለስ፣ ስኒውን እያየሁ ዝም ብዬ መቀመጤ ቢያሳዝነው፣ «ጋሼ፣ ኮድ መጻፍ ላስተምርዎት?» አለኝ። ቋንቋው ማን እንደሚባል ብጠይቀው «ፓይተን» አለ። ፓይተን ዘንዶ ማለት መሆኑን ሰምቼ ስለ ነበር፣ በዚህ ዕድሜዬ ከዘንዶ ጋራ የሚያገናኘኝ ምን ጕዳይ አለ ብዬ ጥቂት አንገራገርሁ፤ እርሱ ግን ስሙን ያወጣው ሆላንዳዊው ጊዶ ቫን ሮሰም የእንግሊዞችን የቀልድ ተዋንያን አስቦ እንጂ እባብን አስቦ አለመሆኑን፣ ቋንቋውም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1991 ለሰው የተሰጠ መሆኑን ነግሮ አጽናናኝ። ከቀልደኛ ጋራ መዋል ከዘንዶ ጋራ ከመዋል ይሻላልና ተቀመጥሁ።

ትምህርቱ አጭር ነበረ። ኮምፒዩተር የተጻፈለትን ትእዛዝ ከላይ ወደ ታች በተራ እያነበበ ይፈጽማል፤ ይህም ፍሰት ይባላል። ፍሰቱን ከመደበኛ መንገዱ የሚያወጡት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው «ኢፍ» ነው፤ ይህ ከሆነ በዚህ ሂድ፣ ካልሆነ በዚያ። ሁለተኛው «ሉፕ» ነው፤ ይህ እስኪሆን ድረስ ተመለስና ድገም። «ከነዚህ ወዲያ የቀረው ጌጥ ነው፤» አለኝ።

«ይኸማ አዋሽ ነው!» አልሁት። ከጊንጪ አጠገብ ካለው ደጋ ተነሥቶ፣ በ1952 በተሠራው በቆቃ ግድብ ተገትቶ፣ ቁልቁል ወርዶ፣ እዚህ ዱብቲ ዘንድ ሲደርስ ወደ እርሻ በሚገባበት ቦይ አፍ ላይ በር የተበጀለት ወንዝ ከሆነ፣ በሩን የሚጠብቀው ሰው ውኃው ከዚህ ምልክት ካለፈ ይዘጋል፣ ካላለፈ ይከፍታል፤ ይህንንም ነገ ይደግመዋል፤ ወንዙም በመጨረሻ ባሕር ሳያይ ከጅቡቲ ጠረፍ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ልጁ በምሳሌዬ ደስ ቢለውም፣ «እርሱስ የሚቀርበት ሐይቅ አለው፤ የጀማሪ ሉፕ ግን ሐይቅ የለውም፤» ብሎ ሣቀ። ምን ማለቱ እንደ ሆነ ከሩብ ሰዓት በኋላ ገባኝ።

የመጀመሪያ ሥራዬ የቡና ሥርዓት እንዲሆን መርጬ ነበር። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ ሦስት ዙር ነው፣ ከዚያ ይበቃል። ፓይተን ፊደላችንን ሳይጸየፍ የሚቀበል ቋንቋ በመሆኑ፣ ቁልፍ ቃሎቹ እንግሊዝኛ ቢሆኑም የዕቃውን ስም በራሳችን ፊደል መጻፍ ይቻላል፤ ስለዚህ «ዙር» የምትባል ሣጥን አበጅቼ 1 አስቀመጥሁባት፤ ቀጥሎም «ዙር ከ3 እስካልበለጠ ድረስ ‹ቡና ደረሰ› በል» ብዬ አዘዝሁ። አንድ ትንሽ ክርክር ብቻ ነበረን። እንግሊዝኛው «ኢፍ» ብሎ አስቀድሞ ሲጀምር ሰሚው ሁኔታ እየመጣ መሆኑን ያውቃል፤ የእኛ «ከ» ግን ከግሡ ጋራ ተጣብቃ የምትመጣ ስለሆነች፣ «እንግዳው ከአዲስ አበባ ትናንት ማታ በባቡር...» እየተባለ ሲነገር ሰሚው መጣ ይሁን፣ ከመጣ ይሁን፣ ቢመጣ ይሁን ሳያውቅ እስከ ዐረፍተ ነገሩ ጫፍ እስትንፋሱን ይዞ ይቆያል። ኮምፒዩተር አማርኛ ተናጋሪ ቢሆን ኖሮ ከሁሉ አስቀድሞ የሚማረው ትዕግሥትን ነበር።

ቁልፉን ተጫንሁት። «ቡና ደረሰ» አለ። «ቡና ደረሰ» አለ። «ቡና ደረሰ።» ሦስተኛውን ቈጥሬ ምስጋና ለማቅረብ አፌን ስከፍት አራተኛው መጣ፤ ከዚያ በኋላ ቍጥር አልነበረም፤ ከሰሌዳው ታች እየፈለቀ ወደ ላይ የሚሸሽ የቡና ጐርፍ ሆነ፣ የላፕቶፑም ማራገቢያ እንደ ድሮው ባቡር ዳገት ላይ ማቃሰት ጀመረ። በዚያ ሰዓት ረከቦቷን ይዛ የገባችው ጎረቤታችን እትዬ (ለእኅቴ እንደ እኅት የሆነች፣ ለእኔም ጠዋት ማታ የምታስብልኝ ሴት ናት) በትከሻዬ ላይ አሻግራ አየችና፣ «ውይ! ይኼ ሁሉ ቡና ለማን ነው?» አለች። ልጁ ሁለት ቁልፍ በአንድ ጊዜ ተጭኖ አስቆመው። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ዙር ከ3 እስካልበለጠ ድረስ አልሁት እንጂ ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ በዙር ላይ አንድ ጨምር አላልሁትም። እኔ ስቈጥር እርሱም የሚቈጥር መስሎኝ! ሣጥኗ ውስጥ 1 ለዘለዓለም 1 ሆኖ ተቀምጧል፤ 1 ደግሞ ከ3 አይበልጥም።

እንዲህ ያለው ተዘዋዋሪ ትእዛዝ አዲስ አይደለም፤ የእንግሊዟ ባለማዕርግ ወይዘሮ አዳ ላቭሌስ፣ ቻርልስ ባቤጅ አስቦት ሳይሠራው ለቀረው የስሌት መኪና እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1843 ስትጽፍ፣ አንድ ሥራ ተመልሶ እንዲደገም የሚያዝዝ ሐተታ አስቀምጣለች። መኪናው ስላልተሠራ እርሷ የቡና ጐርፍ አልደረሰባትም።

ከዚህ ውርደት በኋላ ክብሬን ለመመለስ ያሰብሁት በባሕረ ሐሳብ፣ የጾምና የበዓል ቀን በሚወጣበት ስሌት ነው። በልጅነቴ የቄስ ትምህርት ቤት ተቀምጬ የቀረልኝ ቅርስ ይኸው ነውና፣ የእኅቴ ልጅ የማያውቀውን አውቃለሁ። ትውፊቱ ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ለድሜጥሮስ የሚሰጠው ይህ ሐሳብ ከዳር እስከ ዳር ኢፍና ሉፕ ነው። አራቱ ወንጌላውያን በየአራት ዓመቱ ይዞራሉ፤ ዘመኑ የሉቃስ ከሆነ ጳጉሜን 6፣ ካልሆነ 5። ለ2017 እንዲህ ነው፦ 5500 ሲጨመርበት 7517 ዓመተ ዓለም ይሆናል፤ በ19 ሲገደፍ 12 ይተርፋል፣ መደብ ይባላል፤ አንድ ሲቀነስለት 11 ይሆናል፣ ወንበር ይባላል፤ ወንበሩ በ19 ተባዝቶ 209 ሲሆን በ30 ይገደፍና የቀረው 29 መጥቅዕ ይባላል። መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በዓለ መጥቅዕ በመስከረም፣ ካነሰ በጥቅምት ይውላል።

ልጁ እዚህ ላይ ጣቱን አነሣ። «ጋሼ፣ ከ14 ከበለጠ አሉ፣ ካነሰ አሉ፤ እኩል ቢሆንስ? አንድ መንገድ ረስተዋል።»

«አይሆንም፤» አልሁት።

«እንዴት ያውቃሉ?»

«የኔታ አይሆንም ብለዋል።»

ይህ ማስረጃ ስላልበቃው፣ ወንበርን ከአልቦ ጀምሮ እስከ 18 አንድ በአንድ እያነሣ መጥቅዑን የሚያወጣ ሉፕ ጻፈ፤ ይኸኛው ሐይቅ ያለው ሉፕ ነበረና አሥራ ዘጠኝ ቍጥሮችን አውርዶ በጸጥታ ቆመ። 19፣ 8፣ 27፣ 16፣ 5፣ 24፣ 13... እያልን ስንወርድ 14 ከቶ የለም። ልጁ ዝም አለ። እኔ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የኔታ እንዳሉት መሆኑን በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበርና፣ ከእርሱ ይበልጥ የተደነቅሁት እኔ ነበርሁ፤ ነገር ግን ፊቴን አላሳየሁትም።

ደስታዬ ሳይበርድ ልጁ የዝርዝሩን ራስ አመለከተኝ፤ ከሁሉ በላይ 0 ተጽፏል። ወንበሩ አልቦ ሲሆን መጥቅዑም አልቦ ይወጣል፤ አልቦ ደግሞ ከ14 ያንሳልና ኮምፒዩተሩ ያለ አንዳች ኀፍረት «ጥቅምት 0» ሊል ነው። ሊቃውንቱ ይህንንም አስቀድመው አይተውታል፤ መጥቅዕ አልቦ በሚሆንበት ዓመት 30 ተብሎ በመስከረም 30 እንዲውል ወስነዋል። የ2006 ዓመት እንዲህ ያለ ነበረ። በቍጥር ፊደላችን ውስጥ ለአልቦ ምልክት የሌለን ሰዎች፣ አልቦ ሲመጣ የሚኬድበትን መንገድ ግን ጠርገን አኑረናል። ያንን ኢፍ ጨመርንለት።

ቀጥሎ በዓለ መጥቅዕ እንደ ዋለበት ዕለት በመጥቅዕ ላይ የሚጨመረው ተውሳክ ነው። የቅዳሜ 8፣ የእሑድ 7፣ የሰኞ 6፣ የማክሰኞ 5፣ የረቡዕ 4፣ የሐሙስ 3፣ የዓርብ 2፤ ሰባት ኢፍ አንዱ ከሌላው ሥር ተደርድሮ እንደ ደረጃ ታየ። በፓይተን በአንድ ኢፍ ሥር ያለው ትእዛዝ ከጠርዙ ገባ ብሎ ካልተጻፈ የማን መሆኑ አይታወቅም፤ አንዷን መስመር ሳላስገባ ብቀር ሥራው ሁሉ በቀይ ጽሕፈት ተወግዞ ተመለሰልኝ። የ2017 መስከረም 29 ረቡዕ ነው፤ ተውሳኩ 4፤ 29 እና 4 ሲደመር መባጃ ሐመር ይባላል። በዓለ መጥቅዕ በመስከረም ከዋለ ጾመ ነነዌ በጥር ይገባል፣ በጥቅምት ከዋለ በየካቲት። ይህን ሁሉ በእጄ ጻፍሁና፣ እኅቴንና እትዬን ጠርቼ፣ መነጽሬን ወልውዬ፣ ቁልፉን ተጫንሁት።

«ጾመ ነነዌ፦ ጥር 33» አለ።

እትዬ ተጠግታ ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ወር ሠላሳ አይደለም እንዴ፣ ጋሼ?» አለችኝ በትሕትና። ሠላሳ መሆኑን በቤቱ ውስጥ የማያውቅ አንድ ብቻ ነበረ፤ እርሱም ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ብርሃን ይረጫል።

ላፕቶፑን ዘግቼ አየር ለመቀበል ወደ ደጅ ወጣሁ። የግቢያችን ዘበኛ ዕድሜው ከእኔ የሚቀራረብ አፋር ነው፤ በበሩ አጠገብ ከአንድ መንገደኛ ጋራ ፊት ለፊት ተቀምጠው ዳጉ ይለዋወጡ ነበር። ዳጉ ወሬ ብቻ አይደለም። ሁለት አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ ሰላምታ ይለዋወጣሉ፣ ይቀመጣሉ፣ አንዱ ምን አየህ ምን ሰማህ ብሎ ይጠይቃል፣ ሌላው ዝናቡን፣ ግጦሹን፣ የታመመውን፣ የሞተውን፣ የጠፋውን ከብት በተራ ያወርዳል፤ ከዚያ ተራው ይዞራል። ያየውንና የሰማውን ለይቶ መናገር ግዴታው ነው፤ ሰሚውም ለሚቀጥለው ሰው ሲያቀብል እንዲሁ። መንገደኛው ከሄደ በኋላ ዘበኛው ወደ እኔ ዞሮ፣ «አንተስ ምን አለህ?» አለኝ።

የማወራው ሌላ አልነበረኝምና፣ «የክርስቲያኖች ጾም በጥር 33 ይገባል፤» አልሁት።

ጥቂት አሰበ። «አይተኸዋል ወይስ ሰምተኸዋል?»

«ኮምፒዩተሩ ነው የነገረኝ።»

«ኮምፒዩተሩስ ከማን ሰማ?»

«ከእኔ።»

«እንግዲያው አንተ ነህ ያልኸው፤» አለና ዱላውን አስተካክሎ ወደ መንገዱ ዞረ። ወሬዬን ለማንም አላቀበለልኝም። የ30 ዓመት መዝገብ ያዥ ሆኜ እንዲህ ባለ አጭር ምርመራ ተረትቼ አላውቅም።

ተመልሼ ገባሁና የጐደለችውን ጻፍኋት፦ መባጃ ሐመር ከ30 ከበለጠ 30 ቀንስ፣ ጥሩንም የካቲት አድርገው። ይህችን ሕግ ረስቻት አልነበረም፤ በቄስ ትምህርት ቤት ሳለን ከ30 የሚበልጥ ወር እንደሌለ ስለምናውቅ የሚያስፈራ አልመሰለኝም እንጂ። እንግዲህ የእኔ ኮድ ጥፋት ሁሉ አንድ ዘር ነበረ፤ ሰው ለሰው ሲናገር የሚተዋትን «መቼም» ለኮምፒዩተሩም ተውኋት። ቡናውን ስቈጥር መቼም ይቈጥራል አልሁ፤ ወሩን ስጽፍ መቼም ሠላሳ ነው አልሁ። እርሱ ግን መቼም የሚባል ነገር አያውቅም። በዚህ ጊዜ ቁልፉን ስጫነው፣ «ጾመ ነነዌ፦ የካቲት 3፣ ሰኞ» አለ፤ ከዚያም 69 ቀን ቈጥሮ «ትንሣኤ፦ ሚያዝያ 12» አለ። እኅቴ ከግድግዳው ቀን መቍጠሪያ ጋራ አስተያይታ እልል አለች፤ ቀን መቍጠሪያው በሁለት መቶ ብር ተገዝቶ ከጳጉሜን ጀምሮ እዚያው ተሰቅሎ ስለ ነበር፣ ያን ሁሉ ማታ ለምን እንደ ደከምን ማንም አልጠየቀንም።

እትዬ ግን አንድ ነገር አነሣች። ዮናስ ነነዌ ገብቶ ከተማይቱ በሦስት ቀን ትገለበጣለች ብሎ ሲሰብክ፣ ንስሐ ካልገባችሁ የሚል ቃል አልጨመረበትም፤ ሕዝቡ ግን ከንጉሡ እስከ ከብቱ ጾመ፣ ከተማይቱም ዳነች፣ ነቢዩም ቃሌ ሐሰት ሆነ ብሎ ተቈጣ። «ይኼውላችሁ፤ የተደበቀ ኢፍ ነበረበት!» አለች ቃሉን ከእኛ ለቅማ። «ነነዌዎች ሳይነገራቸው አገኙት። የእናንተ ኮምፒዩተር ቢሆን ሦስት ቀን ቈጥሮ ይገለብጣት ነበር።» የእኅቴ ልጅ እስካሁን መልስ የለውም። እኔም የለኝም፤ ይልቅስ ሰባት ዓመት ቄስ ትምህርት ቤት ተቀምጬ በዮናስ ላይ ይህን አለማየቴ አሳፈረኝ።

በዚያው ሰሞን አዋሽ ለቀረው ለቀድሞ የባቡር ባልደረባዬ ስልክ ደወልሁ።

«ቆመ?» አልሁት።

«ለዛሬ ጠዋት።»

«እስከ መቼ ይላሉ?»

«አንተ ነህ ኮምፒዩተር ያለህ!» አለኝ። ይህን ለልጁ ብነግረው፣ አለን ቱሪንግ የተባለው እንግሊዛዊ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1936 ባወጣው ጽሑፍ፣ ማናቸውንም ፕሮግራም አይቶ ይህ ይቆማል፣ ይህ አይቆምም ብሎ ሳይሳሳት የሚለይ አንድ አጠቃላይ ዘዴ ሊኖር እንደማይችል ማስረዳቱን ነገረኝ። ለባልደረባዬ መልሼ አልደወልሁለትም። ስለ ቱሪንግ ብነግረው፣ አየኸው ወይስ ሰማኸው ይለኛል።

የካቲት 3 ሰኞ ገባ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾምን፤ ከቅዳሴ ስንመለስ እትዬ ምንጣፉን አንጥፋ፣ ዕጣኑን አጢሳ፣ አቦሉን ቀዳች። ሁላችንም፣ ሰመራ የተወለደው ልጅ ሳይቀር፣ ከመጠጣታችን በፊት ስኒውን በማስቀመጫው ላይ ትንሽ አየነው። አልተንቀጫቀጨም። «ካልሆነስ?» አለኝ ልጁ በእንግሊዝኛው ቃል፣ «ኤልስ?» እያለ። «ቶናውን ቅጂ፤» አልናት።